የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መመዝገቡ ቀላል፣ መጨረሱ ከባድ የሆነው የኢንተርኔት ኮርስ

በዚህ ወር ከጎጃም ከደረሱን ደብዳቤዎችና የቴሌግራም መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ናቸው፦ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ሆነው ስለሚሰጡት፣ በአጭሩ «ሙክ» ስለሚባሉት ኮርሶች። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን ሰባት ጥያቄዎችን መርጠናል። የጠያቂዎቹን ስም ትተን ከተማቸውን ብቻ ጠቅሰናል። «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሙክ ዩኒቨርሲቲን ያዘጋል ይባል አልነበረም እንዴ?

*እንደምን ከረማችሁ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን «ያኔ ሲጀመር ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ሊዘጋ ነው ይባል ነበር» አሉን። እውነት ነው? ከሆነስ ምን አስቀረው? (ደብረ ማርቆስ)*

እውነት ነው፣ ተብሏል። አጀማመሩ ግን ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ በካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ኮርስ ከፈቱ። ከፍለው የተመዘገቡት 25 ያህል ነበሩ፤ በሩ በነፃ ሲከፈት ግን 2,200 ያህል ሰው ገባ። ስሙንም በዚያው ዓመት ያወጣለት ዴቭ ኮርሚየር የተባለ ካናዳዊ ነው። ወሬው ዓለምን ያዳረሰው በ2011 መጨረሻ ላይ ሴባስቲያን ትረንና ፒተር ኖርቪግ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ ለሁሉም ሲለቁት ነው። 160,000 ሰው ተመዘገበ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቀው 23,000 ገደማ ነው። በዓመቱ የኢንተርኔት ኮርስ አቅራቢዎቹ ዩዳሲቲ፣ ኮርሴራና ኢዲኤክስ ተከታትለው ተቋቋሙ፤ ኒውዮርክ ታይምስም 2012ን «የሙክ ዓመት» ብሎ ሰየመው።

ነገሩ የተፈተነው በ2013 ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከዩዳሲቲ ጋር ሆኖ መሠረታዊ የሒሳብ ኮርሶችን በኢንተርኔት ሰጠ። ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር ከመደበኛው ክፍል አነሰ፤ ሙከራውም በዚያው ክረምት እንዲቆም ተደረገ። ከተማሪዎቹ መካከል ሒሳብ ወድቀው የሚደግሙና ቤታቸው ኮምፒውተር የሌላቸው ነበሩበት። አጠገቡ ሆኖ የሚያግዘው የሚፈልግ ተማሪ ብቻውን ከቪዲዮ ፊት ተቀመጠ ማለት ነው። በአንጻሩ ከእነዚህ ኮርሶች ብዙ የተጠቀመው አስቀድሞ ዲግሪ የነበረውና ሥራ ላይ ሆኖ እውቀቱን የሚያድስ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡ መጣ። ኤምአይቲና ሃርቫርድ የተባሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ኢዲኤክስን በ2012 ያቋቋሙት ለትርፍ አልነበረም፤ በ2021 ግን ቱዩ ለተባለ ኩባንያ በ800 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዛሬ ብዙ ቦታ ቪዲዮው በነፃ ይታያል፣ ፈተናውና ሰርተፍኬቱ ይከፈልበታል፤ በአንዳንዱ ኮርስ ያለ ክፍያ የሚታየው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ የአሥር ዓመት መረጃ ይዞ «ሁሉም ነፃ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመህ፣ ከመመዝገብህ በፊት ገጹን ራስህ ክፈተውና እይ።

አምስት ጀምሬ አንድም አልጨረስኩም

*በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ባለፈው ዓመት አምስት ኮርስ ጀመርኩ፤ አንዱም ሦስተኛ ሳምንት አልደረሰም። ችግሩ የእኔ ስንፍና ነው? (ፍኖተ ሰላም)*

እህታችን፣ ስንፍና አይደለም። ኤምአይቲና ሃርቫርድ ከ2012 እስከ 2018 በኢዲኤክስ የሰጧቸውን ኮርሶች የፈተሸ ጥናት በ2019 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ወጥቶ ነበር። ከተመዘገቡት ውስጥ 52 በመቶው ኮርሱን አንድ ጊዜም ሳይከፍቱ ቀርተዋል። በ2017 እና 2018 የጨረሱት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ናቸው። ለሰርተፍኬት ከፍለው ከገቡት ግን 46 በመቶው ጨርሰዋል። ልዩነቱን ገንዘቡ ብቻ ያመጣው አይመስለንም፤ የከፈለ ሰው አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ነው። ምዝገባ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ አንቺም አምስቱን የጀመርሻቸው ምናልባት በአንድ ሰሞን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቀጥሎ ስትጀምሪ አንድ ኮርስ ብቻ ያዢ፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈጅ ይሁን። ከመመዝገብሽ በፊት የመጀመሪያውን ሳምንት ተዪና የሦስተኛውን ሳምንት ርዕሶች አንብቢ። የመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ጊዜ ማስተዋወቂያ ስለሆነ ቀላል ነው፤ የሚከብደው እስከ ሦስተኛው ሲደረስ ነው። እዚያ ካሉት ቃላት ግማሹ ባዕድ ከሆኑብሽ ከእሱ በፊት መወሰድ ያለበት ኮርስ አለ ማለት ነው። ገጹ «በሳምንት 3 ሰዓት» ካለ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት መድቢ፤ የተገመተው እንግሊዝኛ ለሚቀለው ሰው ነው።

ለአንድ የስምንት ደቂቃ ቪዲዮ እንዲህ ብታደርጊ ይሻላል። መጀመሪያ ከቪዲዮው ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቢና የማታውቂያቸውን ቃላት አውጪ። ከዚያ ሳታቆሚ አንድ ጊዜ እዪው። ሁለተኛውን ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርገሽ፣ እያቆምሽ እዪ። ሲያልቅ ስልኩን ዘግተሽ የገባሽን በሦስት መስመር በአማርኛ ጻፊ። መጻፍ ካቃተሽ አልገባሽም፤ ወደ ቀጣዩ አትለፊ። ይህ ለአንድ ቪዲዮ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ብዙው ሰው ግን ስምንት ቪዲዮ በተከታታይ አይቶ መልመጃው ላይ ሲደርስ ባዶ ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰው ማግኘት ነው። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ አንድ ኮርስ ያዙ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ ቦታው የታወቀ። በጎጃም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በየቅኔ ቤቱ መምህሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ሆኖ ትምህርቱ የቆመው ታላቁ ተማሪ ታናሹን ስለሚያስቀጽል ነው። የቆጠረውን ቅኔ ቀርቦ የሚነግረው ሰው የሌለው ተማሪ ስህተቱን በምን ያውቃል? ቪዲዮ ያስተምራል እንጂ አያርምም። በ2012 በኤምአይቲ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሰርኪት ኮርስ ከ155,000 ተመዝጋቢ 7,157 ሰው ሲያልፍ፣ ሙሉ ውጤት ካመጡት አንዱ የ15 ዓመቱ ሞንጎሊያዊ ባቱሺግ ሚያንጋንባያር ነበር። ልጁ ጎበዝ መሆኑ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ኮርሱን ብቻውን አለመማሩ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር ነበር፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ ይዞ ሄዶ የሚያሠራቸውም ሰው ነበራቸው።

በሙያሽ የኤክሴል ወይም የዳታ ትንተና ኮርስ ከመረጥሽ መልመጃውን በራስሽ ቁጥር ሥሪው። ለስምንት ሳምንት በየገበያው ቀን የፍኖተ ሰላምን የጤፍና የበቆሎ ዋጋ መዝግቢ፤ ቀን፣ የእህሉ ዓይነት፣ መለኪያው፣ ዋጋው፣ አራት ዓምድ ይበቃል። አንዱን ሳምንት በኩንታል፣ ሌላውን በኪሎ ከመዘገብሽ ሠንጠረዡ ይበላሻልና መለኪያሽን አታለዋውጪ። ስምንት ሳምንት ሲሞላ አማካዩንና የዋጋውን መውጣትና መውረድ በግራፍ አሳዪ። ለቃለ መጠይቅ ይዘሽ የምትገቢው ይህንን ነው።

አንድ ኮርስ ስንት ጊጋ ይበላል?

*ዋይፋይ የለኝም፣ በሞባይል ዳታ ነው የምማረው። ኔትዎርኩም ይመጣል ይሄዳል። (ቢቸና)*

መጠኑ እንደ ቪዲዮው ጥራት ይለያያል። በግምት አንድ ሰዓት ቪዲዮ በ720 ጥራት አንድ ጊጋ አካባቢ፣ በ360 ደግሞ 300 ሜጋባይት አካባቢ ይወስዳል። በሳምንት አንድ ሰዓት ከሩብ ቪዲዮ ያለው የአራት ሳምንት ኮርስ በድምሩ አምስት ሰዓት ስለሆነ፣ በ720 አምስት ጊጋ፣ በ360 አንድ ጊጋ ተኩል ማለት ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍበት ቪዲዮ ከዚህም ያንሳል። እርግጠኛ ለመሆን አንድ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ አውርደህ መጠኑን እይና በቀረው ደቂቃ አባዛው።

የኮርሴራና የኢዲኤክስ አፖች ቪዲዮን አውርዶ ያለ ኔትዎርክ ለማየት ይፈቅዳሉ። የሌሊት ፓኬጅ ገዝተህ የሳምንቱን ሁሉ በአንድ ሌሊት አውርድ። ከዚያ በፊት የአፑን ማስተካከያ ክፈትና የማውረጃውን ጥራት ዝቅ አድርግ፤ «በዋይፋይ ብቻ አውርድ» የሚለው ከበራ አጥፋው፣ አለበለዚያ በሞባይል ዳታ አይወርድም። የጎረቤት ስልክ ሆትስፖት ስትጠቀም ግን ተጠንቀቅ፤ ስልክህ እሱን እንደ ዋይፋይ ስለሚቆጥረው ሌሎች አፖች ራሳቸውን ማደስ ይጀምራሉ፣ የጎረቤትህም ፓኬጅ በአንድ ሰዓት ያልቃል። የአፕ ማደሻውን አስቀድመህ ዝጋ።

የወረደው ቪዲዮ የሚቀመጠው አፑ ውስጥ ነው። ስልኩ ሞላብኝ ብለህ የአፑን ዳታ ካጸዳህ አብሮ ይጠፋል። ፈተናዎች በአብዛኛው ኔትዎርክ ይፈልጋሉ፤ መልስህን መጀመሪያ ደብተር ላይ ጻፍ፣ ኔትዎርኩ ሲገኝ ገልብጠህ ላክ። ረጅም የጽሑፍ ሥራ ከሆነ በስልክህ ማስታወሻ ላይ ጽፈህ ለጥፍ። ገጹ ላይ በቀጥታ ጽፎ «ላክ» ሲል ኔትዎርኩ ተቋርጦ የሁለት ሰዓት ሥራ የጠፋበት ተማሪ ብዙ ነው።

ልጄ ለሰርተፍኬት ልክፈል ትላለች

*በወር 49 ዶላር ነው አለችኝ። ወረቀቱ በአገራችን ይታወቃል? (ዳንግላ)*

አባታችን፣ እንደ ዲግሪ አይታወቅም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት የሚሰጠው ለመደበኛ የውጭ ትምህርት ማስረጃ ነው፤ የአንድ ኮርስ ሰርተፍኬት ደረጃ አያሳድግም። ቀጣሪ ፊት የሚጠቅመው አመልካቹ ኮርሱን በተመለከተ የሠራውን ሥራ አብሮ ካሳየ ነው። እኛ የምንመክረው ኮርሱን በነፃ በሚፈቅደው መጠን ሁለት ሳምንት እንድትማር፣ ከቀጠለችበት በኋላ ስለ ክፍያው እንድታስቡ ነው።

ያኔም ከመክፈል በፊት የኮርሴራን የገንዘብ ድጋፍ ትሞክር። በስልኩ አፕ ሳይሆን በብራውዘር የኮርሱን ገጽ ትክፈት፤ ከመመዝገቢያው አጠገብ የድጋፍ መጠየቂያ ማያያዣ አለ። ገቢዋን ትሞላለች፣ ድጋፉ ለምን እንደሚያስፈልጋትና ኮርሱ ለሥራዋ ምን እንደሚጠቅም ትጽፋለች። መልሱ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ከተፈቀደላት ኮርሱን በ180 ቀን ውስጥ መጨረስ አለባት። ድጋፉ ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም፣ ቅናሽ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከቴሌግራም የተገለበጠ ጽሑፍ መላክ ሊያስከለክላት ይችላል። የራሷን ኑሮ በራሷ ቃል ትጻፍ፤ ሰዋስዉ ፍጹም መሆን አያስፈልገውም።

አንድ ነገር አደራ፦ ስሟን ስትመዘግብ በፋይዳ ወይም በፓስፖርቷ ላይ ባለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይሁን፤ የእርስዎና የአያቷ ስም ጭምር። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በብዙ መንገድ ይጻፋል። ጸጋዬ የሚለውን ብቻ ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ይጽፈዋል። ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ከዲግሪዋ ጋር ካልተገናኘ ቀጣሪው «ይህ የሌላ ሰው ነው» ይላል፤ ሰርተፍኬቱ ከወጣ በኋላ ማስተካከሉ ደግሞ አድካሚ ነው።

ነፃ ሰርተፍኬት ከፈለገች በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር አለ። ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ አፕ ሥራ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታውያንን ይሰጣል። ኮድ ጽፋ የማታውቅ ከሆነ ከፕሮግራሚንጉ ትጀምር፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ስሙ ስለሚስብ ብዙዎች ከእሱ ይጀምራሉ።

ነርስ ነኝ፤ ለፈቃድ እድሳት ይያዝልኛል? *(ቡሬ)*

ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚቆጠረው እውቅና ባለው ሰጪ የተሰጠ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ነው። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ በራሱ አይቆጠርም። ኮርሱን ከመጀመርዎ በፊት ርዕሱንና የሰጪውን ስም ይዘው ጤና ቢሮውን ይጠይቁ፤ ከጨረሱ በኋላ አይደለም። ለእውቀትዎ ብቻ ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት በነፃ የሚሰጣቸው ኮርሶች አጫጭርና ለሥራዎ ቅርብ ናቸው።

ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት

*የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አሥራ ሁለት ኮምፒውተር አለን፣ ኢንተርኔት የለንም። ተማሪዎቼ ከዚህ ነገር የሚደርሳቸው አለ? (ሞጣ)*

መምህር፣ ከሁሉም ጥያቄ ያስደሰተን የእርስዎ ነው፤ መልስ ስላለው። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ያዘጋጀው ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ድርጅት ሲሆን የተሠራው ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ተብሎ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ሰርቨር፣ ማለትም ትምህርቱን ለሌሎቹ የሚያቀብል፣ ይሆናል፤ ሌሎቹና የተማሪዎቹ ስልኮች በዋይፋይ ወይም በኬብል ከእሱ ይማራሉ። የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች፣ ለእርስዎ ደግሞ ዋናው፣ ፌት የሚባሉት የፊዚክስ ሲሙሌሽኖች ይገኙበታል።

የሚያስፈልግዎ ባትሪው የሚሠራ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የዋይፋይ ራውተር (ኢንተርኔት መስመር አያስፈልገውም) እና 64 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ፍላሽ ነው። ላፕቶፑ እንዲሆን ያልነው መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ አብሮ እንዳይጠፋ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ኢንተርኔት ወዳለበት፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ፣ ላፕቶፑን ይዘው ይሂዱ። ኮሊብሪን ይጫኑና የሚፈልጉትን ቻናል (የትምህርት ስብስብ) ያስገቡ። የካን አካዳሚው ሙሉው በአሥር የሚቆጠር ጊጋ ስለሆነ ሁሉንም አይውሰዱ፤ የመማሪያ መጽሐፍዎን ማውጫ ከፊትዎ አድርገው የሚገጥመውን ርዕስ ብቻ ይምረጡ። ካን አካዳሚ በእኛ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀ አይደለም፤ ይህን የመምረጥ ሥራ ከእርስዎ በቀር የሚሠራው የለም፣ ሁለት ሙሉ ቀንም ይወስዳል። ሲጨርሱ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይም መጫን እንዲችሉ፣ ወደ ፍላሹ ይላኩት። ፍላሹ ላይ ኮሊብሪ ራሱ የሚፈጥረውን ፎልደር ስሙን አይለውጡ፣ ሌላ ፎልደር ውስጥም አያስገቡት፤ ሁለተኛው ኮምፒውተር የሚፈልገው ፍላሹ ሲከፈት ወዲያው በሚታይበት ቦታና በዚያው ስም ነው። «ባዶ ነው» ከሚሉት ፍላሾች አብዛኞቹ ጣጣቸው ይህ ነው።

ትምህርት ቤት ሲመለሱ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር ያገናኙ፤ በራውተሩ ማስተካከያ ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ ይስጡት። አድራሻው 192.168.1.10 ከሆነ ተማሪው ብራውዘሩ ላይ 192.168.1.10:8080 ብሎ ይጽፋል። ቋሚ ካላደረጉት ነገ አድራሻው ይቀየርና ክፍሉ ሁሉ «አልከፍት አለ» ይላል። ዊንዶውስ መጀመሪያ ቀን ኮሊብሪን ልፍቀድለት ብሎ ሲጠይቅ ይፍቀዱ፤ እምቢ ካሉ ላፕቶፑ ላይ ይሠራል፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ግን አይከፈትም። ላፕቶፑ ሲቆይ እንዳይተኛ ማድረግም አይርሱ፤ ሰርቨሩ ከተኛ ክፍሉ በሙሉ ይቆማል።

ስልክ የሚጠቀሙ ተማሪዎች ላይ ደግሞ ይህ ያጋጥማል፦ ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ይጠይቃል። «ተገናኝቼ ልቆይ» የሚለውን ካልነኩ ስልኩ በዝምታ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፣ ገጹም አይከፈትም። ዳታውን አጥፍተው እንዲገቡ ይንገሯቸው። አንድ ርካሽ ራውተር ሃያ ስልክ ቪዲዮ ሲያዩበት ይጨነቃል፤ አሥራ ሁለቱን ኮምፒውተር በኬብል ያገናኙ፣ ዋይፋዩን ለስልኮቹ ይተዉ።

ለእያንዳንዱ ተማሪ ስምና የይለፍ ቃል ይክፈቱለት። ይህ ከተደረገ የትኛው ተማሪ የትኛውን መልመጃ ስንት ጊዜ እንደሞከረ ይታይዎታል። አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል ማን የት እንደቆመ ማወቅ ብርቅ ነው፤ ቪዲዮውን ትተው ለዚህ ብቻ ቢጠቀሙበት እንኳ ይክሳል።

ሰዓቱ አለፈብኝ

*ማስረከቢያው 11:59 ይላል። ማታ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ላክሁ፣ ግን ዘግይተሃል አለኝ። (እንጅባራ)*

መጀመሪያ ከ11:59 ጎን የተጻፈውን የሰዓት ክልል ተመልከት። ዩቲሲ (የዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት) የሚል ከሆነ የእኛ ሰዓት ሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የሌሊቱ 11:59፣ ማለትም እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8:59 ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ነበረህ ማለት ነው። የካሊፎርኒያ ከሆነ በእነሱ በጋ ጠዋት 3:59፣ በክረምታቸው ጠዋት 4:59 ይሆናል። የአንተ ዘግይቷል ከተባለ ምናልባት የቀን ጉዳይ ነው፦ የሌሊቱን 11:59 «ማታ» ብለህ ከቀጣዩ ቀን ቆጥረኸዋል፣ ወይም በእነሱ ቀን መቁጠሪያ የተጻፈውን በእኛ አንብበሃል። ብዙ የኮርሴራ ኮርሶች ቀነ ገደቡን እንደገና ለማስተካከል የሚያስችል ቁልፍ አላቸው፤ እሱን ተጫን፣ የሠራኸው አይጠፋም። ሥራው ተማሪ በተማሪ የሚታረም ከሆነ ግን የሌሎቹን ሦስት ወይም አራት ሥራ ሳታርም ያንተ ውጤት አይወጣም፤ ያን ጨርስና ጠብቅ።